የውጪ የእንጨት ወለል ስቴይን፦ የሚላጠው ወይስ የሚደበዝዘው?

እንጨትን ከፀሐይና ከውሃ የሚጠብቅ፣ ስቴይን የሚባል ቅብ የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ዐይን አዋጅ ይሆንበታል። በዘይት የተሠራ፣ በውሃ የተሠራ፣ ግልጽ፣ ከፊል ግልጽ፣ ድፍን፤ የቀለሙ ናሙና ብቻውን ግድግዳ ይሞላል። ጣሳው ሁሉ ላይ አንድ ዐይነት ፎቶ አለ፤ ገና የተቀባ፣ ወዙ ያልጠፋ ወለል። ያው ወለል በሦስተኛ ዓመቱ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ጣሳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚያ ይመስለኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከቤት ውጪ ያለ የእንጨት ወለል፣ ዴክ የምንለው፣ ዝናቡን በጀርባው ተኝቶ ይቀበላል፤ ፀሐይ ስትወጣም እንደተኛ ይጠበሳል፤ በዚያ ላይ ይረገጣል፣ ወንበር ይጎተትበታል። ግድግዳ ላይ ብዙ ዓመት የሚቆይ ቀለም እዚህ ሁለት ዓመት ላይሞላው ይችላል። ስለዚህ የማያረጅ ስቴይን አትፈልጉ፤ የለም። ልዩነቱ አረጃጀቱ ላይ ነው፤ አንዱ እየደበዘዘ ያልቃል፣ ሌላው እየተላጠ። የደበዘዘውን አጥቦ መድገም የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። የተላጠውን ለማስተካከል ግን ያልተላጠውንም ማንሣት ግድ ይላል፤ እሱ ወገብ ይቆርጣል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ወለል ነው። የመጀመሪያ ጊዜ የቀባሁት ስቴይንም አልነበረም፣ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ቫርኒሽ ነበር። ሁለት ወር ያህል መስተዋት መሰለ። ከዚያ በየብሎኑ ዙሪያ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ማየት ጀመርኩ። በጥፍሬ ጫፉን ነካ ሳደርገው እባብ ጥሎት እንደሄደ ቆዳ ስስ ሆኖ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ርጥብ ነበር። ዝናብ ከዘነበ ቀናት አልፈዋል፤ ውሃው ግን በብሎኑ ቀዳዳና በጣውላው ጫፍ ገብቶ፣ መውጫ አጥቶ እዚያው ተቀምጧል። ፀሐይ ሲሞቀው ተን ሆኖ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቫርኒሹ አላሳልፍም ይላል፤ በመጨረሻ የሚሸነፈው ቫርኒሹ ነው። እንጨቱም በበኩሉ ርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የደረቀ ጠንካራ ሽፋን ይህን መተንፈስ ተከትሎ መሄድ አይችልም።

ስቴይን ከቀለምና ከቫርኒሽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ሰራጊ ስቴይን እንጨቱ ውስጥ ይገባል እንጂ ላዩ ላይ አይጋገርም። የሚላጥ ነገር ከሌለ ምን ይላጣል? ችግሩ ስቴይን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሰራጊ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ስሙ ስቴይን፣ ጠባዩ ቀለም ነው።

ምን ያህል ቀለም ይኑረው?

በምርጫው ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የመልክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

እንጨት ውጪ ሲውል ግራጫ የሚሆነው በዝናቡ ብቻ አይደለም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሊግኒን የሚባለውን፣ የእንጨቱን ክሮች እርስ በርስ አጣብቆ የያዘውን ነገር ያፈርሰዋል። ዝናቡ የፈረሰውን ያጥበዋል። ላይ የሚቀረው የላላ ግራጫ ክር ነው። እጃችሁን ብታስኬዱበት ይጎረብጣል፣ አንዳንዴም ስንጥር ይተዋል። ይህን ጨረር በዋናነት የሚከለክለው በስቴይኑ ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄት ነው፤ ለእንጨቱ ጃንጥላው እሱ ነው። ዱቄቱ በበዛ ቁጥር ጥላው ይበዛል፤ የእንጨቱ መልክ ግን በዚያው ልክ ይሸፈናል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም።

ግልጽ የሚባለው ቀለም የለውም ወይም ጥቂት ብቻ አለው። ውሃ ይመልሳል፤ የፀሐዩን ነገር ግን ብዙም አይችለውም። በአንድ ዓመት ውስጥ እንጨቱ መሸበት ይጀምራል፣ በየዓመቱም መድገም ይፈልጋል። ውድ እንጨት ያለው፣ መልኩን አንዳች ነገር እንዲነካበት የማይፈልግ፣ ሥራውንም የማይሰለች ሰው ይግዛው። ሌላው ሰው ባይገዛው እመርጣለሁ። ፀሐይ ለሚበዛበት ወለል «ምንም አይታይም» ማለት «ብዙ አይከላከልም» ማለት ነውና።

ከፊል ግልጽ የምወደው ነው። የእንጨቱን መስመርና አንጓ ያሳያል፣ ቀለሙም ጥላ ለመሆን በቂ ነው። ወለል ላይ እንደ ፀሐዩና እንደ እግሩ ብዛት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይሄዳል። ሲያረጅ ይደበዝዛል። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ አንድ እጅ ትደግሙታላችሁ፤ አለቀ። አዲስ ወይም ጤነኛ እንጨት ላለው ሰው ሌላ አማራጭ ለማየት በቂ ምክንያት አላገኘሁም።

ከፊል ድፍን የሚባለው ደግሞ መሐል ሰፋሪ ነው። የተለያየ መልክ ያላቸውን ጣውላዎች ለማመሳሰል፣ ለምሳሌ የተበላሹት ተቀይረው አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ይጠቅማል። ሁለተኛ እጅ ሲደረብበት ግን ሽፋን ወደመሥራት ያደላል፤ አትደራርቡት።

ድፍኑ በእውነቱ ስስ ቀለም ነው። የእንጨቱ መስመር ይጠፋል፤ የሚታየው የገጹ ሻካራነት ብቻ ነው። ፀሐይን በመከላከል የሚስተካከለው የለም። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይቆያል። ሲያረጅ ግን ይላጣል፤ መጀመሪያ በር ደጃፍ ላይ፣ ከዚያ ሰው በሚመላለስበት መስመር። አንዴ ድፍን የገባ ሰው ወደ ግልጹ ልመለስ ቢል ሁሉንም በኬሚካል ማስለቀቅ ወይም እስከ ባዶው እንጨት ማሸት ይኖርበታል። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ከግልጽ ወደ ድፍን መሄድ ቀላል፣ መመለሱ ከባድ። ስለዚህ ድፍኑን ለመጨረሻ አቆዩት። ሃያ ዓመት የቆየ፣ የተጠጋገነ፣ ተፈጥሯዊ መልኩን ማሳየት የማያስመኝ ወለል ከሆነ ግን ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው፤ እዚያ ላይ ከፊል ግልጽ ማድረግ ጠባሳውን ማድመቅ ይሆናል።

ጎን ለጎን ያሉት የእጅ መደገፊያዎችና ቋሚዎች ሌላ ሕግ አላቸው። ውሃ አይተኛባቸውም፣ አይረገጡም፤ ድፍኑ እዚያ ላይ ብዙ ይቆያል። ወለሉን ከፊል ግልጽ፣ መደገፊያውን ድፍን ማድረግ ለዐይንም ያምራል፣ ለጥገናም ያመቻል።

ስለ ጥቁረትና ንጣት አንድ ነገር ብቻ፦ ደማቅ ጥቁር ቡኒ ናሙናው ላይ ልብ ይሰርቃል፤ በፀሐይ ቀን ግን በባዶ እግር አይረገጥም።

ዘይት ወይስ ውሃ?

የዘይቱ ወገን ጥንካሬው መስረጉ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለመግባት ጊዜ ያገኛል፤ ሲቀቡትም የብሩሽ ፋና አይተውም፣ ይቅር ባይ ነው። ሲያረጅ ይደበዝዛል። ድክመቱ ሽታው፣ ለመድረቅ አንድ ቀን አንዳንዴም ከዚያ በላይ መፈለጉ፣ ብሩሹ በቲነር ካልሆነ አለመጽዳቱ ነው። እንደ ተልባ ዘይት ያሉት የተፈጥሮ ዘይቶች ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ናቸው። ጥላና ርጥበት የበዛበት ወለል ላይ የሻጋታ መከላከያ የሌለበት የተልባ ዘይት የቀባ ሰው ጥቁር ነጠብጣብ ሲያይ ሊገርመው አይገባም። ወደ አየር የሚተንኑ ኬሚካሎችን የሚገድቡ አገሮችም ስላሉ የዘይቱ ዐይነት በሁሉም ቦታ አይገኝም።

የውሃው ወገን በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፣ ብዙ አይሸትም፣ ብሩሹ በውሃና በሳሙና ይጸዳል፣ ሻጋታን ይቋቋማል፣ ቀለሙንም ቶሎ አይለቅም። ብዙ ጊዜ አክሪሊክ በሚባል የፕላስቲክ ሙጫ የተሠራ ነው። ግን ቸኩሎ ስለሚደርቅ መደራረቢያው መስመር ይታያል፣ ፀሐይ ላይ ከቀቡት ደግሞ ይብሳል። እንደ ዘይቱ ጠልቆ አይገባም፤ ስለዚህ ወፍራም ከሆነ የመላጥ አዝማሚያ አለው። በቅርብ ዓመታት የተሻሻሉት፣ ዘይትን በውሃ የበተኑት ዐይነቶች ይህን ክፍተት አጥብበዋል።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፦ ደረቅና ፀሐያማ ቦታ ላለ ሰራጊ ዘይት፣ ጥላማና ርጥብ ቦታ ላለ በውሃ የተሠራ። ከሁለቱም በላይ ግን የሚወስነው እንጨቱ ላይ አሁን ያለው ነገር ነው። በውሃ በተሠራ ሽፋን ላይ ሰራጊ ዘይት መቀባት ጎማ ጫማ ላይ ቅባት እንደማፍሰስ ነው፤ የሚገባበት የለውም። ያለው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ እሹት። ቀለሙ ለስልሶ ወደ ጥጡ ከመጣ አክሪሊክ ነው፤ ካልነቃነቀው ዘይት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

እንጨቱ ራሱ ምን ይላል?

መበስበስ እንዳይነካው በግፊት መድኃኒት የተሞላ ጥድ ከፋብሪካ ሲወጣ ውሃ እንደጠጣ ነው። በተሠራ ማግሥት ስቴይን ቢቀባ አይቀበልም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ቀን ከመቁጠር ጠብታ ውሃ ጣል ማድረግ ይሻላል። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆመ እንጨቱ ገና ነው፣ ወይም ላዩ ላይ የሆነ ነገር አለ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ተዘጋጅቷል። ሙከራውን ፀሐይ ላይና ጥላ ውስጥ፣ ሦስት አራት ቦታ አድርጉት። የርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ከ15 በመቶ በታች ማንበብ ይጠበቅበታል።

ዝግባ መሰል ለስላሳ እንጨቶች በደንብ ይጠጣሉ፤ ነገር ግን ታኒን የሚባል ቀለም የሚለቅ ንጥረ ነገር ስላላቸው ፈዘዝ ባለ በውሃ የተሠራ ስቴይን ውስጥ ቡናማ እድፍ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ቲክና ኢፔ የሚባሉት ጠንካራ እንጨቶች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። ኢፔ ከጥግግቱ የተነሣ ውሃ ላይ ሊሰጥም የሚችል እንጨት ነው፤ ቲክም የራሱ ዘይት ሞልቶታል። እነዚህ ላይ ለጠንካራ እንጨት የተዘጋጀ ቀጭን ዘይት አንድ ስስ እጅ ብቻ ነው የሚቀባው፤ ትርፉ እዚያው መጠረግ አለበት። ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ጣውላ ከሆነ ያላችሁ፣ እስካሁን ያልኩት አይመለከታችሁም፤ እጥቡትና ተዉት።

ወለሉ አሮጌ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀድሞ በግፊት ለታከመ እንጨት በሰፊው ይውል የነበረው መድኃኒት አርሴኒክ ነበረበት፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ሥራ የቀረው በ2003 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ በማሽን እያሻችሁ አቧራውን አታስነሡ፣ ቁርጥራጩንም ፈጽሞ አታቃጥሉ።

ቅቡ ከመጀመሩ በፊት

ስቴይን ያለጊዜው የሚበላሸው በአብዛኛው በጣሳው ምክንያት አይደለም፣ ከሥሩ ባለው ቆሻሻና ርጥበት ነው። መጀመሪያ ካቻቢቴ ያዙና ጣውላው ከሞራሌው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጉ። ጫፉ እንደ ሳሙና ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ ስቴይን የበሰበሰን አያድንም፣ ይቀየር። የወጡ ብሎኖች ይጥበቁ።

ለማጠብ ብዙ ሰው በረኪና ያነሣል። ሻጋታውን ይገድላል፤ ነገር ግን እንጨቱን ያነጣዋል፣ ክሩንም ያላላዋል። ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት የዴክ ማጽጃ ይሻላል። በውሃ ተበጥብጦ ይፈሳል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንዳይደርቅ እየተረጨ ይቆያል፣ በጠንካራ ቡርሽ ይፈገፈጋል። ከዚያ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማፍኪያ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እዘለው ነበር። ማጽጃው እንጨቱን አጨልሞ ይተወዋል። ማፍኪያው ሲነካው ግን ዐይናችሁ እያየ ግራጫው ለቆ የማር መልክ ይመጣል፤ የብሎን ዝገት የተወውም ጥቁር እድፍ ይፈዝዛል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

በግፊት የሚረጭ የውሃ ማሽን ያለው ሰው እጁን ይሰብስብ። አፉን ከ30 ሳንቲ ሜትር አታስጠጉ፣ ሰፊውን አፈሙዝ ተጠቀሙ፣ ግፊቱንም ዝቅ አድርጉ። አንድ ቦታ ላይ ካቆማችሁት የለሰለሰውን የእንጨት ክፍል ጠርቦ ያወጣዋል፤ ከዚያ ወለላችሁ ማረሻ ያለፈበት ይመስላል።

ከታጠበ በኋላ በደረቅ አየር ቢያንስ ሁለት ቀን ይድረቅ። አዲስና በማሽን የተላገ ጣውላ ከሆነ፣ ወይም ከታጠበ በኋላ ክሩ ከቆመ፣ በ60 ወይም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እሹት። «ሳለሰልሰው ያምራል» ብላችሁ በ150 አትቀጥሉ፤ በጣም የለሰለሰ ገጽ ቀዳዳው ተደፍኖ ስቴይን አይጠጣም። አቧራው ተጠርጎ ይውጣ፤ በጣውላዎቹ መሐል የታጨቀውም ቅጠል ጭምር።

መቀባት

ልኩን አስቀድማችሁ አስሉ። ወለል ላይ አንድ ሊትር ሰራጊ ስቴይን በግምት ከ4 እስከ 7 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የሻከረና የደረቀ እንጨት የበለጠ ይጠጣል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ወለል 20 ካሬ ነው፤ በሊትር 5 ካሬ ብንይዝ ለአንድ እጅ 4 ሊትር። ደረጃና መደገፊያ ካለ ከምትገምቱት በላይ ይበላል። ሁለት ሦስት ጣሳ ከገዛችሁ ሁሉንም አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉ፤ ከጣሳ ጣሳ ትንሽ የቀለም ልዩነት አይጠፋም፣ መሐል ወለል ላይ ደግሞ ይጋለጣል። ዱቄቱ ከሥር ስለሚረጋ ባልዲውን በየመሐሉ እስከ ታች ድረስ አማስሉ።

ቀኑ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ፣ ዝናብ ከበፊቱም ከኋላውም የሌለበት ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ በምታርፍበት ሰዓት አትቀቡ፤ ጥላውን እየተከተላችሁ ዙሩ። ማታ ጤዛ ከመውረዱ በፊት ለመድረቅ ጊዜ ይኑረው። ከሁሉ በፊት ግን የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ፤ ናሙናው ላይ ያለው ቀለም የእናንተን እንጨት አያውቀውም።

ለዘይት የተፈጥሮ ጸጉር ያለው ብሩሽ፣ ለውሃ ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለው። የተፈጥሮው ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ይልፈሰፈሳል። በሮለር ወይም በመርጫ መጨመር ያፋጥናል፤ ቢሆንም ከኋላው በብሩሽ ተከትሎ ማስገባት አይቀርም። ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ብቻ ያዙና ከዳር እስከ ዳር ጨርሱ። መሐል ላይ አቁማችሁ ስልክ ካነሣችሁ የቆማችሁበት ቦታ መስመር ሆኖ ይቀራል። የተቆረጡትን የጣውላ ጫፎች አጠጡ፤ ውሃ የሚገባው በነሱ ነው፣ ስቴይኑንም እንደተጠማ ሰው ይጨልጡታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። «ወፈር ሲል ይቆያል» የሚለው ሐሳብ ለሰራጊ ስቴይን አይሠራም። እንጨቱ የሚይዘው የራሱን ልክ ነው፤ ትርፉ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ዘይት ከሆነ ደግሞ አይደርቅም፣ ሙጫ ይሆናል። ከቫርኒሹ በኋላ እኔ የሠራሁት ሁለተኛ ስሕተት ይኸው ነበር። ከሳምንት በኋላም ጫማዬ ወለሉን በለቀቀ ቁጥር ጸጭ እያለ ይነሣ ነበር፤ የድመቷ እግር አሻራ በሙሉ በአቧራ ታትሟል። ስለዚህ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልሰረገውን በጨርቅ ጥረጉ። ጣሳው ሁለት እጅ ካለ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት የሚፈልግ ዐይነት መሆኑን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ሰራጊዎች እንደዚያ ናቸው። ድፍኑ ግን የመጀመሪያው እስኪደርቅ ይጠብቃል።

ያ የጠረጋችሁበት ጨርቅ ቀልድ አይደለም። የሚደርቅ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል። ተጨማድዶ ጥግ ላይ የተጣለ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ይይዝና ክብሪት ሳይጫር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ። አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ከቤት ውጪ፣ ከእንጨት ርቆ እስኪደርቅ አስጡት፤ ወይም ውሃ በሞላ፣ ክዳን ባለው ብረት ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት።

ቀላል እግር ከአንድ ቀን በኋላ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይመለስ። ምንጣፍና የአበባ ማሰሮ ግን ይቆዩ፤ ከሥራቸው ርጥበት ስለሚታመቅ መጀመሪያ የሚበላሸው ያ ክብ ቦታ ነው። ማሰሮውን እግር አበጁለት።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ በሩ ፊት ለፊት ውሃ ጠብ አድርጉ። ዶቃው ከቆመ መጥረግ ይበቃል። ከሰረገ ያንን መስመር ብቻ አጥባችሁ አንድ ስስ እጅ መጨመር ትችላላችሁ፤ ከፊል ግልጹን የመረጠ ሰው ጥቅሙን የሚያየው ያን ቀን ነው። ለዚያ እንዲመች የተረፈውን ስቴይን ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ላዩ ላይ የቀለሙን ቁጥርና የቀባችሁበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ፣ አራት ተቀራራቢ ቡኒዎች ያሉበት የናሙና ወረቀት ይዤ ወለሉ ላይ በአራት እግሬ ስድህ ውያለሁ።